ወላጅ ሕንድ ውስጥ ኑዛዜ ትቶ ሲያርፍ፦ ፍርድ ቤት ሄዶ ማጸደቅ ወይስ በሌላ መንገድ መጨረስ?

አባት ወይም እናት ሕንድ ውስጥ ኑዛዜ ትተው ሲያርፉ፣ እንባ ሳይደርቅ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ኑዛዜው ፍርድ ቤት ቀርቦ መጽደቅ አለበት? ወይስ ወረቀቱን ይዘን ቤቱንና የባንክ ሒሳቡን በስማችን ማዞር እንችላለን?

በሕንድ ይህ ኑዛዜ የማጽደቅ ሥርዓት «ፕሮቤት» ይባላል። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአንዳንድ ከተሞች ግዴታ ነበር። አሁን ግዴታው ተነስቷል። ስለዚህ ከሕግ ትእዛዝ ወጥቶ የቤተሰቡ ምርጫ ሆኗል። ምርጫ ሲሆን ደግሞ ማሰብ ይጠይቃል። ኑዛዜውን ማጸደቅ በቀረበት ቤት ከዓመታት በኋላ ጠብ ሊነሳ ይችላል። በሌላ በኩል ምንም ተቃዋሚ የሌለበት ቤተሰብ ለጠበቃና ለፍርድ ቤት በከንቱ ገንዘብ ሊያፈስ ይችላል። ሁለቱም ያሳዝናሉ፤ ሁለቱንም ማስቀረት ይቻላል።

ይህን የምጽፈው በተለይ አንድ ወላጃቸው ሕንዳዊ ለሆነ አንባቢዎች ነው። ከጉጃራት መጥተው ድሬዳዋና አዲስ አበባ የነገዱ ነበሩ። ከኬረላ መጥተው በየከተማችን ያስተማሩ መምህራን ነበሩ። ሕንድ ውስጥ ቤት፣ መሬት ወይም የባንክ ሒሳብ ከቤተሰብ የሚደርሳቸው ልጆች አሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ምን ተለወጠ?

የውርስ ነገር በሕንድ በዋናነት የሚገዛው በ1925 በወጣው የሕንድ የውርስ ሕግ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 213 እንዲህ ይል ነበር፦ ሂንዱ፣ ሲክ፣ ቡድሂስት፣ ጃይን ወይም ፓርሲ የሆነ ሰው ኑዛዜውን በቀድሞዋ ቤንጋል፣ በሙምባይ ወይም በቼናይ ከተማ ካደረገ፣ ወይም በእነዚህ ቦታዎች ቤትና መሬት ካለው፣ ኑዛዜው ሳይጸድቅ ወራሹ ፍርድ ቤት ላይ መብቱን ማስከበር አይችልም። ሙስሊሞችን አይመለከትም ነበር። ሕንዳውያን ክርስቲያኖችም በ2002 ከግዴታው ወጡ።

ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነበር። ሙምባይ አፓርታማ የተወ ሂንዱ አባት ልጆች ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ዴልሂ ቤት የተወ ሂንዱ አባት ልጆች ግን ግዴታ የለባቸውም። ልዩነቱ ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን የወረደ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። በዲሴምበር 2025 የሕንድ ፓርላማ ያረጁ ሕጎችን በሚሽረው አዋጅ አንቀጽ 213ን ሰረዘው። በእኔ እምነት ተገቢ እርምጃ ነው።

ሆኖም ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የተሻረው ግዴታው ነው። ፍርድ ቤቶች ኑዛዜ የማጽደቅ ሥልጣናቸው እንዳለ ነው፤ ማጸደቅ የፈለገ ዛሬም ይችላል። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው ብዙ ጽሑፎች ከለውጡ በፊት የተጻፉ ናቸው። «ሙምባይ ከሆነ ግዴታ ነው» የሚል ካነበባችሁ መቼ እንደተጻፈ እዩ። አንዳንድ ቢሮ ወይም የቤቶች ማኅበር በልማድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ያኔ ጠበቃችሁ የሕጉን ለውጥ ጠቅሶ ደብዳቤ እንዲጽፍ አድርጉ። ከ2025 በፊት የተጀመረ መዝገብ ካላችሁ ግን ለውጡ እንዴት እንደሚነካችሁ ከጠበቃ ጋር ሳትነጋገሩ መዝገቡን አታቋርጡ።

ማጸደቅ ምን ይሰጣል?

ፍርድ ቤቱ ኑዛዜውን ሲያጸድቅ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰነድ የሟቹ የመጨረሻ ኑዛዜ ነው፤ በሕጉ መሠረት በትክክል ተደርጓል። ይህ ውሳኔ በተከራካሪዎቹ መካከል ብቻ አይደለም የሚጸናው፤ በሁሉም ሰው ላይ ይጸናል። አጎት ከአሥር ዓመት በኋላ ተነስቶ «ፊርማው የወንድሜ አይደለም» ቢል በቀላሉ የሚሰማው የለም። የጸደቀ ኑዛዜ ሊሻር የሚችለው በቂ ምክንያት ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ ማጽደቂያው በማጭበርበር የተገኘ ከሆነ።

የማይሰጠውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የማጽደቅ ችሎት የባለቤትነት ክርክር አይፈታም። አባታችሁ የእሱ ያልሆነውን የአያት መሬት በኑዛዜው ጽፎ ከሆነ፣ ኑዛዜው መጽደቁ መሬቱን የእሱ አያደርገውም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲናገር ኖሯል። በሂንዱ ቤተሰብ ውስጥ የጋራ የሆነ የትውልድ ንብረት ካለ ጥያቄው ሌላ ነው። ከ2005ቱ ማሻሻያ ወዲህ ሴት ልጅ በዚያ ንብረት ላይ እንደ ወንዱ እኩል ድርሻ አላት። አባት በኑዛዜ ሊሰጥ የሚችለው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው።

ምርጫውን የሚወስነው ምስክር ነው

ሰው ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያስበው ወጪና ጊዜ ነው። ለእኔ ከዚያ የሚቀድም ጉዳይ አለ፤ እሱም ኑዛዜው ላይ የፈረሙት ምስክሮች ናቸው።

በሕንድ ሕግ ኑዛዜ ቢያንስ ሁለት ምስክሮች ሊፈርሙበት ይገባል። እያንዳንዱ ምስክር ተናዛዡ ሲፈርም ማየት አለበት፤ ወይም ተናዛዡ ራሱ «ፊርማዬ ነው» ብሎ ሊነግረው ይገባል። ክርክር ሲነሳ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ በሕይወት ካለና መምጣት ከቻለ ፍርድ ቤት ቀርቦ መመስከር አለበት። ሁለቱም ከሞቱ የምስክሩንና የተናዛዡን የእጅ ጽሑፍ በሚያውቅ ሰው ማስረዳት ይቻላል፤ ግን መንገዱ ይረዝማል፤ ማስረጃውም ይሳሳል።

እንግዲህ አስቡት። አባታችሁ በሰባ ዓመቱ ኑዛዜ ሲጽፍ ምስክር ያደረገው ማንን ነው? ብዙ ጊዜ ጎረቤቱን ወይም የሥራ ባልደረባውን ነው። እነሱም ዕድሜያቸው ያው ነው። ዛሬ ሁሉም ወንድምና እህት ተስማምቶ «ፍርድ ቤት ምን ያደርግልናል» ቢል፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ቤቱ ሲሸጥ አንዱ ሐሳቡን ቢቀይር ምስክር ከየት ይመጣል? ማጸደቅ በእኔ ዓይን የምስክሮቹን ቃል በሕይወት ሳሉ ማስቀመጫ ነው። ምስክሮቹ አርጅተው ከሆነና ንብረቱ ቤት ወይም መሬት ከሆነ ሳትዘገዩ አጸድቁት እላለሁ።

«ኑዛዜው እኮ ተመዝግቧል» የሚል ይኖራል። በሕንድ ኑዛዜ ማስመዝገብ በፈቃደኝነት ነው። የተመዘገበ ኑዛዜ መጥፋቱና መቀየሩ ስለሚከብድ ጥቅም አለው። ነገር ግን መመዝገቡ ምስክር ከማቅረብ አያድንም።

ሌላው የሚታየው ኑዛዜው ጥርጣሬ የሚያስነሳ ነገር እንዳለው ነው። ፊርማው የተንቀጠቀጠ ነው? አባት ሆስፒታል ተኝቶ ነው የፈረመው? ሁሉንም ንብረት ያገኘው ልጅ ራሱ ነው ጠበቃውን የጠራው? አንዷ ሴት ልጅ ያለምንም ምክንያት ተዘላለች? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1950ዎቹ መጨረሻ በሰጠው፣ እስከ ዛሬም በሚጠቀስ ውሳኔ፣ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ማስወገድ ያለበት ኑዛዜውን ይዞ የቀረበው ወገን ነው ብሏል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ኑዛዜ በእጃችሁ ካለ፣ ክርክሩ መቼም አይቀርም። የሐኪሙ ማስረጃ ሳይጠፋ፣ ጠበቃው ሳይረሳ፣ አሁን መጨረስ ይሻላል።

ያለ ፍርድ ቤት መጨረስ የሚቻለው መቼ ነው?

ወራሾቹ ጥቂት ከሆኑ፣ ሁሉም ከተስማሙና ንብረቱ አንድ ግዛት ውስጥ ከሆነ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መጨረስ ይቻላል። ኑዛዜው፣ የሞት ማስረጃው፣ እና ሌሎቹ ወራሾች «ተቃውሞ የለንም» ብለው በኖታሪ የፈረሙት ደብዳቤ ተይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ወይም ወደ መሬት ቢሮ ይኬዳል። እዚያ በመዝገቡ ላይ ስም ይዛወራል። ሙምባይ ውስጥ አፓርታማ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ቤቶች ማኅበሩም ይሄዳል።

ግን ስም መዛወር ለግብር መሰብሰቢያ ነው። ባለቤትነትን በራሱ አያረጋግጥም። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይዘናጋል፤ የግብር ደረሰኙ በስሜ መጣ ብሎ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ቤቱን የሚገዛ ሰው ከባንክ ተበድሮ ከሆነ የባንኩ ጠበቃ የባለቤትነት ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ይመረምራል። ያልጸደቀ ኑዛዜ ሲያገኝ የሁሉንም ወራሾች ፊርማ ሊጠይቅ ይችላል። ቤቱን በጥቂት ዓመት ውስጥ ልትሸጡት ካሰባችሁ ይህን ከወዲሁ አስቡበት።

ከዚህ የሚጠነክር ሌላ አማራጭ አለ፤ የቤተሰብ ስምምነት። ወራሾቹ ተቀምጠው ማን ምን እንደሚወስድ ይፈራረማሉ። ወይም ሌሎቹ ለአንዱ መብታቸውን የሚለቁበት ሰነድ ይፈርማሉ። በቤትና በመሬት ላይ መብት የሚሰጥ ጽሑፍ ከሆነ መመዝገብ አለበት፤ የቴምብር ቀረጥም አለው። ቀረጡ እንደ ግዛቱ ይለያያል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ ሁሉም በፈቃዱ ፈርሟልና በኋላ «ኑዛዜው ሐሰት ነው» ለማለት ይከብዳል። ወንድምና እህት በሰላም ለሚነጋገሩበት ቤት ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው። ኑዛዜው ራሱ ለአንድ ልጅ በጣም ያዳላ ሆኖ፣ የተጠቀመው ልጅ በቅን ልብ ለማስተካከል ከፈለገም መንገዱ ይኸው ነው።

ስማቸው የሚያምታታ ወረቀቶች

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል፤ የተሳሳተ አቤቱታ ገብቶ ጊዜ ይባክናል።

ኑዛዜው «አስፈፃሚዬ እገሌ ነው» ብሎ ከሾመ፣ ማጽደቂያው የሚሰጠው ለዚያ ሰው ብቻ ነው። አስፈፃሚ ካልተሾመ፣ ወይም የተሾመው ከሞተ ወይም እምቢ ካለ፣ የሚጠየቀው ኑዛዜ የተያያዘበት የአስተዳዳሪነት ደብዳቤ ነው። ውጤቱ ተቀራራቢ ነው፤ የአቤቱታው ዓይነት ግን ሌላ ነው። አስተዳዳሪው የዋስትና ሰነድ እንዲፈርምም ይጠየቃል። ሟቹ ካረፈ 7 ቀን ሳይሞላ ማጽደቂያ፣ 14 ቀን ሳይሞላ ደግሞ የአስተዳዳሪነት ደብዳቤ አይሰጥም።

የወራሽነት ሰርተፍኬት የሚባለውም ከፍርድ ቤት ይወጣል። እሱ ግን ለገንዘብ ነው፤ ለባንክ ሒሳብ፣ ለአክሲዮን፣ ለብድር መሰብሰቢያ። ቤት በእሱ አይዛወርም። በአብዛኛው የሚያስፈልገውም ኑዛዜ በሌለበት ጊዜ ነው። ከመሬት አስተዳደር ሹሙ፣ ማለትም ከታህሲልዳሩ የሚወጣው የሕጋዊ ወራሾች ዝርዝር ደግሞ ለጡረታና ለመሳሰለው ይጠቅማል እንጂ የማንንም ድርሻ አይወስንም።

እኛ አገር የለመድነው ፍርድ ቤት ሄዶ የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ነው፤ ያ አንድ ወረቀት ብዙ በር ይከፍታል። ሕንድ ውስጥ ግን ለየንብረቱ የሚፈለገው ወረቀት ይለያያል። አስቀድማችሁ ባንኩን፣ የቤቶች ማኅበሩንና የመሬት ቢሮውን «ምን ትጠይቃላችሁ?» በሏቸው። ከተቻለ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ባንክ ላይ «ኖሚኒ» የሚባል፣ ማለትም ሟቹ «ስሞት ገንዘቡን እሱ ይቀበል» ብሎ ያስመዘገበው ሰው ካለ ገንዘቡን ማውጣት ቀላል ነው። ባንኩ ማጽደቂያም ሰርተፍኬትም ሳይጠይቅ ለኖሚኒው ይከፍላል። ነገር ግን ኖሚኒው ተቀባይ ነው፤ ባለቤት አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 በኢንሹራንስ ጉዳይ፣ በዲሴምበር 2023 ደግሞ በአክሲዮን ጉዳይ ይህንኑ ወስኗል። ኑዛዜው ገንዘቡን ለእናንተ ሰጥቶ ኖሚኒው ታላቅ ወንድማችሁ ከሆነ፣ ተቀብሎ ሊያስረክባችሁ ይገባል። እምቢ ካለ ግን ያልጸደቀ ኑዛዜ ይዛችሁ መክሰስ ሊኖርባችሁ ነው።

ማጸደቅ ከመረጣችሁ፦ የወረዳ ወይስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት?

ንብረቱ ሁሉ አንድ ግዛት ውስጥ ከሆነ የወረዳ ፍርድ ቤት ይበቃል። ቀረብ ያለ ነው፤ የጠበቃ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ንብረቱ በሁለት ሦስት ግዛት ከተበተነ፣ ለምሳሌ ቤቱ ኮቺ፣ አፓርታማው ቤንጋሉሩ ከሆነ፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱን አስቡ። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያጸደቀው በመላው ሕንድ ይሠራል። የወረዳው ውሳኔ ግን በሌላ ግዛት ያለው ንብረት ከ10,000 ሩፒ ካልበለጠ በቀር ከግዛቱ አይሻገርም። 10,000 ሩፒ ዛሬ ምንም አይደለም፤ ስለዚህ ይህ ልዩነት የእውነት ይነካል።

አቤቱታው ከዋናው ኑዛዜ፣ ከሞት ማስረጃና ከንብረት ዝርዝር ጋር ይቀርባል። ከተገኘ አንዱ ምስክር አቤቱታውን ያረጋግጣል። ፍርድ ቤቱ ለቅርብ ዘመዶች መጥሪያ ይልካል፤ ጋዜጣ ላይም ያስነግራል። ማንም ካልተቃወመ ጉዳዩ በወራት ያልቃል፤ በተጨናነቁ ከተሞች ከዓመት ሊያልፍ ይችላል። አንድ ሰው ከተቃወመ መዝገቡ ወደ መደበኛ ክስ ይለወጣል። ያኔ በዓመታት አስቡት። የፍርድ ቤት ክፍያው በንብረቱ ዋጋ ላይ ተመስርቶ በየግዛቱ ይለያያል። አንዳንዱ ግዛት ጣሪያ አለው፤ ሌላው ዘንድ ከባድ ይሆናል። ከመወሰናችሁ በፊት ጠበቃው ቁጥሩን ያስላላችሁ።

ዋናው ኑዛዜ ፍርድ ቤት ይቀራል። ከማስገባታችሁ በፊት ጥራት ያለው ቅጂ አስቀሩ። ከጸደቀ በኋላም ሥራ አለ፦ አስፈፃሚው በ6 ወር ውስጥ የንብረት ዝርዝር፣ በ1 ዓመት ውስጥ ደግሞ የሒሳብ መግለጫ ለፍርድ ቤቱ ያቀርባል።

የጊዜ ገደቡ 3 ዓመት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ይህ ገደብ ለማጽደቅ አቤቱታም እንደሚሠራ ተናግሯል። መቆጠር የሚጀምረው ግን የግድ ከሞቱ ቀን አይደለም፤ ማጽደቂያ መጠየቅ አስፈላጊ ከሆነበት ጊዜ ነው። ቢሆንም ከሞት በኋላ 3 ዓመት ያለፈው ኑዛዜ «እስካሁን የት ነበር?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። አታዘግዩት።

የሃይማኖቱ ነገር

ወላጃችሁ ክርስቲያን ከሆነ፣ ለምሳሌ ከኬረላ የመጣ መምህር፣ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ከጋብቻ በፊት የተጻፈ ኑዛዜ በጋብቻው ይሻራል። ወጣት ሳለ ኑዛዜ ጽፎ በኋላ ኢትዮጵያ መጥቶ ካገባ፣ ያ ኑዛዜ ዋጋ የለውም። እንዲሁም ኑዛዜው ላይ በምስክርነት የፈረመ ልጅ፣ ወይም የምስክሩ ባል ወይም ሚስት፣ በኑዛዜው የተሰጣቸውን ያጣሉ። እነዚህ ሁለቱ ሂንዱ ላይ አይሠሩም። ሙስሊም ከሆነ በኑዛዜ መስጠት የሚችለው እስከ ንብረቱ 1/3ኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ወራሾቹ መስማማት አለባቸው። ጎዋ ደግሞ ከፖርቱጋል ዘመን የወረደ የራሷ የውርስ ሥርዓት አላት፤ እዚያ ንብረት ካለ የጎዋን ጠበቃ ያዙ።

ውጭ ሆኖ ማስጨረስ

አስፈፃሚው አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ቢሆንስ? ሕንድ ያለ ሰው ወክሎ በወኪሉ ስም ኑዛዜ የተያያዘበት የአስተዳዳሪነት ደብዳቤ ማስወጣት ይችላል፤ ሕጉ ይህን በግልጽ ይፈቅዳል። ከኢትዮጵያ የሚላክ ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ የሕንድ ኤምባሲ። ሕንድ ከደረሰ በ3 ወር ውስጥ የቴምብር ቀረጡ መከፈል አለበት። ውክልናውን ለማን እንደምትሰጡ ግን ደጋግማችሁ አስቡ። በኑዛዜው ለሚጠቀም ሌላ ዘመድ ባትሰጡ ይሻላል። ቤት የመሸጥ ሥልጣንም አብራችሁ አትጨምሩ፤ ለማጸደቁ ብቻ ይሁን።

ወላጅ ኑዛዜውን ኢትዮጵያ ውስጥ ጽፎ ከሆነ አንድ አደጋ አለ። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የጻፈው ኑዛዜ ያለ ምስክር ይጸናል። በሕንድ ሕግ ግን ሁለት ምስክር የሌለው ኑዛዜ ሕንድ ላለ ቤትና መሬት ችግር ይገጥመዋል። ወላጃችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ሁለት ምስክር ይፈርሙበት። ኑዛዜው በውጭ አገር ፍርድ ቤት ጸድቆ ከሆነ ደግሞ የተረጋገጠ ቅጂው ለሕንድ ፍርድ ቤት ቀርቦ በእሱ ላይ የአስተዳዳሪነት ደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል፤ ሁሉንም ከዜሮ መጀመር የለም።

ሕንድ የውርስ ግብር የላትም፤ በ1985 ቀርቷል። ቤቱን ስትሸጡ ግን ከዋጋ ጭማሪው ላይ ግብር ይኖራል። የተወረሰ ንብረት ገንዘብ ከሕንድ ሲወጣ በአንድ የበጀት ዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይፈቀዳል። ባንኩ የውርሱን ማስረጃና የግብር ወረቀት ይጠይቃል። የሕንድ የበጀት ዓመት ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ስለሆነ፣ ትልቅ ቤት የሚሸጥ ቤተሰብ ገንዘቡን በሁለት የበጀት ዓመቶች ከፋፍሎ እንዲያወጣ የሽያጩን ወር ከሒሳብ ባለሙያ ጋር ይምረጥ።